ስዕሌን ባጣጣሉብኝ ሳምንት ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ሄድኩ

እኔ ስዕል እሞካክራለሁ፣ ባለፈው ከሌሎች ልጆች ጋር ስራዬን ሰቅዬ አንድ ሰውዬ ቆም ብሎ አየና «ይሄ የልጅህ ነው?» አለኝ 😅 ልጅ የለኝም እኮ። ሳምንቱን ሙሉ ብሩሽ አልነካሁም። ጓደኛዬ ነው ተነስ ብሎ ጎትቶ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው የሰዓሊው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም የወሰደኝ።

ገብረ ክርስቶስ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ በ60ዎቹ (በፈረንጅ ነው) አብስትራክት (ነገሮችን እንዳሉ ሳይሆን በቀለምና በቅርጽ የሚያሳይ ስዕል) ሲያሳይ ይሄ የኛ አይደለም የፈረንጅ ነው ያሉት ብዙ ነበሩ፣ እሱ ግን ሳይጨቃጨቅ... እሺ ተጨቃጭቆም ሊሆን ይችላል ግን ስዕሉን አልቀየረም፣ አርት ስኩል እያስተማረ ግጥም እየጻፈ ቀጠለ፣ በ1965 እ.ኤ.አ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ወሰደ። በኋላ ተሰዶ በ1981 አሜሪካ ኦክላሆማ ነው ያረፈው፣ ይሄን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ወደ ሪቪው ልመለስ። ስዕሎቹን በስልክ አይታችሁ አየን እንዳትሉ፣ ቀለሙ ፊት ለፊት ሌላ ነገር ነው፣ አንዱ ጋ ብቻ ሃያ ደቂቃ ቆሜያለሁ እግሬን እስኪያመኝ። ሰው ከሚያወራ ጋር አትሂዱ፣ ጓደኛዬ አፉ አላርፍ ብሎ ነበር። ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን አጣሩ።

ከ5 5 ሰጥቻለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ያንን «የልጄን» ስዕል እንደገና አየሁት፣ ታች በኩል ያለው ሰማያዊ ግን እውነትም ይበዛል ሰውዬው ትንሽ ልክ ነበር መሰለኝ።