ባለ መሳቢያው የአክሪሊክ ሜካፕ ሳጥን፦ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ቪዲዮ ላይ ሰው ሁሉ የሚያሳየው ከአክሪሊክ (መስታወት ከሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክ) የተሰራ ግልጽ ሳጥን አለ አይደል፣ ከላይ የሊፕስቲክ ቀዳዳ ከስር ደግሞ መሳቢያ ያለው፣ እሱን ነው የምላችሁ። የኔ ባለ አራት መሳቢያው ነው። ወድጄዋለሁ፣ ግን ቪዲዮው ላይ እንዳለው ሁሉንም ነገር ይይዛል ያላችሁ ሰው ካለ አትመኑት።

ጥሩው ነገር ያለው ሁሉ ቁልጭ ብሎ መታየቱ ነው። ቦርሳ ውስጥ ሲሆን ከስር ያለው ይረሳና አንዱን ቀለም ደግመን ደጋግመን እንገዛለን፣ እዚህ ግን መሳቢያውን ሳልስብ ያለኝን አውቃለሁ፣ ጭራሽ ትቼው የነበረ ብላሽ (የጉንጭ ቀለም) ራሱ አሁን ከእጄ አይወጣም። ሊፕስቲኮቹን ደግሞ ገልብጬ ነው የማስገባቸው፣ የቀለሙ ስም የተጻፈው ቂጡ ላይ ስለሆነ አንድ በአንድ እያነሱ ማየት ቀረልኝ (ክፍላችሁ በጣም የሚሞቅ ከሆነ ግን እንዳታደርጉት ይቀልጥና ክዳኑ ላይ ይለጠፋል)። ወፈር ያለ አራት ማዕዘን ሊፕስቲክ ቀዳዳው አያስገባም፣ ሊፕግሎስ ይገባል ግን ረጅም ስለሆነ ይንገዳገዳል።

መሳቢያዎቹ ጥልቀት የላቸውም። ብላሽ፣ ኮምፓክት ፓውደር፣ ኮንሲለር (የፊት ጠባሳ መሸፈኛ)፣ ትንንሽ ፓሌት (ብዙ ቀለም አንድ ላይ የያዘ ጠፍጣፋ እቃ) ችግር የለም። ትልልቆቹ ፓሌቶች ግን በምንም አይገቡም፣ እኔ እንደ መጽሐፍ በጎናቸው አቁሜ የወረቀት ፋይል መያዣ ውስጥ ደርድሬያቸዋለሁ፣ እውነት ለመናገር ከሳጥኑ ራሱ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ፋውንዴሽንም (ፊት ሙሉ የሚቀባው) ጠርሙሱ መቆም ስላለበት ውጪ ቀረ። ሌላው የሚያናድደው መሳቢያው ማቆሚያ የለውም፣ ትንሽ ጠንከር አድርጋችሁ ከሳባችሁ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ እጃችሁ ላይ ይቀራል፣ ውስጡ ያለው ፓውደር ከወደቀ ደግሞ አለቀለት።

ግልጽነቱ ራሱ ጣጣ አለው። ብርሃንና ሙቀት ሜካፕ ያበላሻል፣ ቀለሙ ይለቃል፣ ቅባትነት ያለው ነገር ሽታው ይቀየራል፣ ሽቶም ይበላሻል። ስለዚህ ፎቶ ላይ እንደሚያምረው መስኮት ስር አታስቀምጡት። መታጠቢያ ቤትም አይሆንም፣ የሻወሩ እንፋሎት ለፓውደርም ለብሩሽም ጠላት ነው። የኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ታዲያ ግልጽ መሆኑ ምን ጠቀመሽ ትሉኝ ይሆናል፣ በሩን ስከፍት ሁሉንም በአንዴ ማየቱ ይበቃኛል።

ጽዳቱ ላይ ተጠንቀቁ። መስታወት ስለሚመስል በመስታወት ማጽጃ የሚወለውለው ሰው ብዙ ነው፣ አክሪሊክ ግን እንዲህ ያለ ማጽጃ ውስጥ የሚገኘው አሞኒያ ወይም አልኮል ሲነካው ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣና ይደበዝዛል። ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ የእቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በቃ። አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ከፈተጋችሁትም ይጫጫራል፣ ከላዩ ክፍት ስለሆነ አቧራው ደግሞ አያልቅም።

ብሩሽ ማቆሚያውን የምጠቀመው ለደረቀ ብሩሽ ብቻ ነው። ታጥቦ እርጥብ እያለ ፀጉሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ካቆማችሁት ውሃው ፀጉሩን ወደያዘው ብረት ውስጥ ወርዶ ሙጫውን ያላቅቀዋል፣ ከዛ ፀጉሩ ፊታችሁ ላይ መርገፍ ይጀምራል። አጋድማችሁ አድርቁት።

አደራደሩን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው በአይነት ነው የሚለየው፣ የአይን ለብቻ የከንፈር ለብቻ። እኔ ቶሎ የሚበላሸውን ነው የላይኛው መሳቢያ ላይ የማደርገው። ማስካራ ከተከፈተ ከ3 እስከ 6 ወር ነው፣ ክሬምና ፈሳሽ ነገርም ከፓውደር ቀድሞ ይሄዳል። ማሸጊያው ላይ ክዳኑ የተከፈተ እቃ ስዕል ታያላችሁ፣ ውስጡ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር አለ፣ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ ነው የሚነግራችሁ። የከፈትኩበትን ቀን ትንሽ ፕላስተር ላይ ጽፌ ከስሩ እለጥፋለሁ።

ሜካፕ ይዛችሁ ከቦታ ቦታ የምትሰሩ ከሆነ ይቅርባችሁ፣ ይከብዳል፣ ከወደቀም ይሰነጠቃል። ቤት ቁጭ ብሎ ለሚቀመጥ መካከለኛ ስብስብ ግን አሪፍ ነው። ከገዛችሁ ከላይ ክዳን ያለውንና መሳቢያው የሚያቆም ነገር ያለውን ፈልጉ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ትልቁን ፓሌታችሁን በማስመሪያ ለኩና ከመሳቢያው የውስጥ ስፋት ጋር አስተያዩት፣ ሻጮች የሚጽፉት ብዙ ጊዜ የውጪውን ልክ ነው።