ሃንጋሩን ከተማው ይሥራው ወይስ መሬቱን ያከራይ?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትንንሽ የከተማ ኤርፖርቶች የሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤት) ወረፋ አለባቸው። ከተማው ራሱ ቲ ሃንጋር (በተርታ የተያያዙ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ አውሮፕላን የሚይዙ ክፍሎች) ሠርቶ በወር ሲያከራይ ገቢው ለኤርፖርቱ ነው፤ ሃንጋሩን የሶፋና የጀልባ ማከማቻ ያደረገውን ተከራይ አስወጥቶ ለተረኛው መስጠትም ይቀለዋል። ግንባታውና ጥገናው ግን ከራሱ ኪስ ይወጣል።

መሬቱን በሊዝ ከሰጠ ወጪው የአልሚው ነው። ብዙ ጊዜ ውሉ ሲያበቃ ሕንፃው የከተማው ይሆናል፣ ስለዚህ መጨረሻዎቹ ዓመታት ላይ ጣሪያውን ለማደስ ማን እጁን ይዘረጋል? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

በሁለቱም መንገድ፣ የፌዴራል ድጎማ የወሰደ ኤርፖርት ሃንጋሩን በዋናነት ለአቪዬሽን ማዋል አለበት፤ የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር) ፖሊሲ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን በግልጽ ይላል። ከተማው ገንዘብ ካለው ራሱ ይሥራ። ከሌለው ሊዙ ላይ የጥገና ግዴታና ዓመታዊ ፍተሻ ያስገባ።