ናኖ ዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት፦ ለኮምቦልቻ ላብራቶሪዎች ይሆናል?

ይሆናል፤ ጉድለቱ ራሱ ያስተምራል። እንከን የሌለው የዚንክ ኦክሳይድ ክሪስታል የሞገድ ርዝመቱ 380 ናኖሜትር ገደማ የሆነ፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ይሰጣል። ይኼኛው ግን ጨለማ ውስጥ የ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ሲበራበት አረንጓዴ ይፈካል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት ከቦታቸው የጎደሉ የኦክስጅን አቶሞች ናቸው። ርካሾቹ የ395 ባትሪዎች አያዋጡም፤ ጉልበታቸው ከቁሱ የኃይል ክፍተት (ኤሌክትሮኖቹን ለማነሣሣት ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ ጉልበት)፣ ከ3.37 ኤሌክትሮን ቮልት ያንሳል። ነጭ ወረቀት ላይ ደግሞ በፍጹም አታስቀምጡት፤ ወረቀቱ ራሱ ሰማያዊ እያበራ ያሳስታል። ጥቁር ገል ይሻላል።

ግማሽ ግራም ወስዳችሁ አየር በሚገባው ምድጃ በ500 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ብታቆዩት አረንጓዴው ሊደበዝዝ ይችላል። ሲግል ቢጫ ቢሆን አትደንግጡ፣ ሲቀዘቅዝ ይነጣል። ማሸጊያው ግን ደካማ ነው፤ እርጥበት ገብቶ ዱቄቱ ይጓጉላል። ያለ ማስክ አትክፈቱት።