በተራራ መንደር ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ የጎንደር ሰዎች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው ከተታለልኩ በአምስተኛው ቀን ነው፤ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ለማንም ሳልናገር ላልፈው አስቤ ነበር። ነገር ግን ትናንት ጠዋት የደባርቅ ሚኒባሶች በሚቆሙበት ቦታ ያታለለኝን ደላላ ወጣት ባልና ሚስት ይዞ ሲሳፈር አየሁት። ሴትየዋ ሕፃን አዝላለች። ሳልደርስባቸው መኪናው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ማለቱ ከበደኝ።

የደላላውን ወሬ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ሻጩ ዘመዱ ነው፤ ቤቱን ሌላ ገዢ ነገ ሊያየው ቀጠሮ ይዟል፤ ዋጋው ለእናንተ ብቻ ተቀንሷል። እኔ ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። የጎንደር የቤት ኪራይ ከጡረታዬ በላይ ስለሆነብን፣ እኔና ባለቤቴ ከደባርቅ ወዲህ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ አነስተኛ የተራራ መንደር ቤት ገዝተን ለመኖር ወሰንን። ደላላው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ መሆኑን እየጠቀሰ፣ ሁለቱን ክፍል ለእንግዳ ብናከራይ ከጡረታዬ የበለጠ እንደምናገኝ አስረዳን። ስለ ፓርኩ የተናገረው እውነት ስለነበረ ስለ ቤቱ የተናገረውንም አመንኩት።

ቤቱን ያየነው በጥር ወር፣ ፀሐይ አናት ላይ በሆነችበት ሰዓት ነው። ሻጩ ግቢው ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሲከፍተው ውሃው በኃይል ወረደ፤ ባለቤቴም እጇን ታጠበችበትና ደስ ብሏት ሳቀች። ከቧንቧው ሥር ያለው መሬት ግን ደረቅ ነበር። ሰው በየቀኑ የሚቀዳበት ቧንቧ ሥሩ ይረጥባል፣ ይጨቀያል፣ ዳር ዳሩ ሣር ያበቅላል፤ እዚያ ግን አቧራ ብቻ ነበር። ይህን በዓይኔ አይቼ አለፍኩት። በዚያው ቀን በሁለት ምስክሮች ፊት ውል ተፈራርመን፣ ከ900,000 ብር ዋጋ ላይ 150,000 ብር ቀብድ፣ ለደላላውም 18,000 ብር ከፈልኩ። ከቀብዱ 60,000 ብር የባለቤቴ የእቁብ ዕጣ ነበር። እርሷ «ወረቀቱን ለሚያውቅ ሰው እናሳየው» ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ዕድሉ ያመልጠናል ብዬ አቻኮልኳት።

ስም ለማዛወር በተቀጠርንበት ዋዜማ እዚያው ቤት አደርን። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስትሆን ደባርቅና ዙሪያዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ በቀትር ፀሐይ አይታወቅም፤ ሌሊት ግን ውርጩ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ እየገባ እስኪነጋ እንቅልፍ ነሳን። ማታ ቧንቧውን ስከፍተው አየር ብቻ ተነፈሰ። ጎረቤት ያሉ አንዲት እናት በጀሪካን ውሃ ሰጥተውን፣ ቤቱን ልናይ በመጣን ዕለት ጠዋት አንድ ልጅ በአህያ ውሃ እያመላለሰ ከጓሮ ያለውን ሮቶ ሲሞላ መዋሉን በሐዘኔታ ነገሩን። መብራቱም ከእርሳቸው ቆጣሪ የተሳበ ነበር። ሻጩን በስልክ ብጠይቀው «ነገ ሁሉም ይስተካከላል» አለኝ። ያን ጊዜ እንኳ ወደ ጎንደር አልተመለስኩም።

በማግሥቱ ጠዋት ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ገባን። የመሬት ባለሙያው ሻጩ «ካርታ ነው» ብሎ የሰጠኝን ፎቶ ኮፒ ተቀብሎ አገላበጠው፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር መዝገቡን አውጥቶ ወደ እኔ አዞረልኝ። ገጹ ላይ ሁለት ጉርድ ፎቶዎች ነበሩ፤ አንዱ የሻጩ፣ ሌላው ነጠላ የተከናነቡ ሴት። ባለሙያው ጣቱን በሴትየዋ ፎቶ ላይ አድርጎ «ወይዘሮዋ የታሉ?» ሲል ጠየቀ። ሻጩ መልስ አልሰጠም። ባለሙያው ወደ እኔ ዞሮ «መምህር፣ ይህ የከተማ ቦታ ካርታ ሳይሆን የገጠር ይዞታ ደብተር ነው። የእርሻ መሬት ነው፤ አይሸጥም» አለኝ። እኔ ወደ ደላላው ዞርኩ። ስልኩን እየነካካ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እኔ አገናኝ ነኝ እንጂ ዋስ አይደለሁም» አለ። ሻጩ ደግሞ ከበሩ ሲወጣ ቆም ብሎ፣ ባለቤቴ እየሰማች፣ «ይህን ያህል ዘመን ያስተማረ ሰው ወረቀት ማንበብ ያቅተዋል ብዬ በምን ልጠርጥር?» ብሎኝ ሄደ። ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ንግግሩ ነው ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ይደነግጋል። ይህን ማንም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ማታለያው ያለው ውሉ ላይ ነው፦ የሚሸጠው «ቤት» እንደሆነ ብቻ ይጻፋል፣ ስለ መሬቱ አንድ ቃል አይነሳም፣ ገዢውም ቤቱን ከገዛ ቦታው አብሮ የሚመጣ ይመስለዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ሲያፈርስ እጥፉን ይመልሳል ስለሚባል በዚህ እከራከራለሁ ብዬ ነበር። ያማከርኩት ጠበቃ ግን ሕግ በከለከለው ሽያጭ ላይ የተደረገ ውል ፈራሽ በመሆኑ፣ ተከራክሬ ብረታ እንኳ የማገኘው የከፈልኩትን ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ለዚያም መመላለሻውና የጠበቃው ክፍያ አለ።

ስለዚህ ፎቶ ኮፒ አትቀበሉ፤ ዋናውን ወረቀት ይዛችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁ መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት። ይዞታው የባልና ሚስት ከሆነ ሁለቱም በአካል ይቅረቡ። የቤት ሽያጭ ውል በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ካልተመዘገበ በሁለት ምስክር ብቻ አትተማመኑ። ቤቱንም ሳትነግሩ፣ በማታ ሄዳችሁ እዩት፤ ቧንቧውን እናንተ ክፈቱ፣ ጎረቤቱንም ጠይቁ።

ትናንት ጠዋት ሕፃን አዝላ ከባሏ ጋር ወደ ደባርቅ የተሳፈረችውን እህት የሚያውቃት ካለ፣ ገንዘቡን ከመክፈላቸው በፊት እባካችሁ ይህን አድርሱላት።