ፈረንሳይ በቸርችል ጎዳና፦ ድንጋዩና ነሐሱ ሙሉ ነጥብ፣ ክሮሳንቱ ግማሽ

ከለገሃር ባቡር ጣቢያ እስከ ፒያሳ ያለው የቸርችል ጎዳና ዳገት ከሁለት ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። በሚኒባስ ለመጣ ሰው የሚታየው የፎቅ መስታወትና የመኪና ሰልፍ ብቻ ነው። በእግሩ ቀስ ብሎ ለወጣው ግን ያለ ቪዛ የሚገኝ የፈረንሳይ ጉብኝት ነው። የሼንገን (የአውሮፓ) ቪዛ ማመልከቻ ብቻ 90 ዩሮ በሚያስከፍልበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግማሽ ቀን መድቡለት።

መነሻው ከታች ቢሆን ይሻላል፤ ዳገቱን በጠዋት መውጣት ፀሐይ ከከረረች በኋላ ከመውጣት ይቀላል። የጣቢያው ሕንፃ ያለቀው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፈረንሳዮች የዘረጉት ሐዲድ ግን ከተማዋ የገባው 12 ዓመት ቀድሞ በ1917 ነበር። ዛሬ ከዚህ ባቡር አይነሳም። የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻ ለቡ በኩል ስለሆነ ትኬት ፍለጋ እዚህ የሚመጣ ሰው ይደክማል። ፎቶ ለሚያነሱ አንድ ነገር፦ የሕንፃው ፊት ወደ ሰሜን ስለሚያይ ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይዋ ከጀርባው ትሆናለች። እኩለ ቀን ላይ ያነሳችሁት ሥዕል ጥቁር ግድግዳና የነጣ ሰማይ ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት አካባቢ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ከጎን የሚመጣው ብርሃን ያድናችኋል።

የጉዞው ዋና ምግብ ሁለቱ አንበሶች ናቸው። ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ የፈረንሳዊው ቀራፂ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው፤ የቆመው በ1930 እ.ኤ.አ. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት የነበረው፣ ዘርዓይ ደረስ ጎራዴ የመዘዘበት ታሪክ የሚነገርለት አንበሳ ይኸው ነው። ወደ አገሩ የተመለሰው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ውጡና የሌላውን ፈረንሳዊ ቀራፂ የሞሪስ ካልካን አንበሳ ተመልከቱ፤ ለንጉሠ ነገሥቱ የ1955 እ.ኤ.አ. የብር ኢዮቤልዩ የተሠራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 25 ዓመት ነው፣ ልዩነቱ ግን ከዚያ በላይ ይመስላል፤ ምክንያቱም ጋርዴ በ1863 የተወለደ፣ የእንስሳን ጡንቻና ጎፈር እንዳለ መቅረጽ የተማረ የድሮ ሰው ነው። የካልካው አንበሳ ጎፈር በቀጥታ መስመርና በጠፍጣፋ ገጽ የተከፋፈለ ነው፣ ዓይኑም እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያፈጣል። አብዛኛው ሰው ሥሩ ቆሞ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ተሻግራችሁ ከወዲያኛው የእግረኛ መንገድ እዩት፤ ቅርጹ የሚገባው ከርቀት ነው።

ቴአትር ቤቱን ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው ጀምረውት ነበር፤ የጨረሰው ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት ነው። አጠገቡ ያለው የንግድ ባንክ የቀድሞ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ክቡ ሕንፃ፣ የእሱው ሥራ ነው። ጎኑ የቆመው አዲሱ ማማ ቢጋርደውም ክቡ አሁንም የሰፈሩ ምርጥ ሕንፃ ነው፣ ክርክር ካለ እንከራከር። ባንክ ነውና ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃውን አነጋግሩ። ሊሴ ገብረ ማርያም የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ስለሆነ ከአጥሩ ውጭ አይቶ ማለፍ ነው። ከላይ መንገዱን የሚዘጋው ማዘጋጃ ቤት ደግሞ የጣሊያናዊው የአርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ የፈረንሳዮቹን ጎዳና ጫፍ ጣሊያን ያዘው።

ቅሬታው ክሮሳንቱ ላይ ነው። በዚህ መስመር ያሉት ኬክ ቤቶች ባህላቸው የጣሊያን ነው፣ ማኪያቷቸው አይታማም። ክሮሳንት ብለው የሚያቀርቡት ግን ብዙ ጊዜ በጨረቃ ቅርጽ የተጠቀለለ ጣፋጭ ዳቦ ነው። እውነተኛው ለአንድ ኪሎ ሊጥ ሩብ ኪሎ ገደማ የገበታ ቅቤ ይፈልጋል። ሊጡ ቅቤውን አቅፎ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለሦስት ይታጠፋል፤ 27 የቅቤ ንጣፍ የሚገኘው እንዲህ ነው። በየእጥፋቱ መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ማረፍ አለበት፣ ስለዚህ መብራት በጠፋ ዕለት ከመሥራት መተው ይሻላል። ሊጡ ኩፍ የሚልበት ቦታም ከ27 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ምድጃ አጠገብ ካስቀመጡት ቅቤው ቀልጦ ሊጡ ውስጥ ይሰርግና ንጣፉ ይጠፋል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሊጥ ቶሎ ይነፋል፤ በፈረንሳይ የአሠራር ሰዓት የሚጠብቅ ጋጋሪ ያልፍበታል። ማርጋሪን ዘግይቶ ስለሚቀልጥ ሥራውን ያቀላል፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል፣ ላንቃ ላይ ግን ተለጥፎ ይቀራል።

ከማዘዛችሁ በፊት «በቅቤ ነው በማርጋሪን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩው ለመጠኑ ቀላል ነው፣ ሥሩ እኩል የበሰለ ነው፣ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ የዘይት ክብ አይተውም። ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፣ ፍርፋሪውም ሳህኑን ይሞላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ሂዱ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ በ160 ዲግሪ ምድጃ ለአምስት ደቂቃ እንዲያሞቁላችሁ ለምኑ፤ ማይክሮዌቭ ካሉ «ይቅርብኝ» በሉ፣ እንደ ጎማ ያደርገዋል።

ማረፊያው ፒያሳ ያለው የፈረንሳይ ባህል ማዕከል፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ተቋም ሲሆን ቤተ መጻሕፍት፣ የሥዕል ዐውደ ርዕይ፣ ፊልም፣ የሙዚቃ ምሽትና የፈረንሳይኛ ትምህርት አለው። ዐውደ ርዕዮች በሚቀየሩበት ሳምንት አዳራሹ ባዶ ሊሆን ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት ፕሮግራሙን እዩ። ፓሪስ ለመሄድ ለሚያስቡ የመጀመሪያው የቋንቋ ደረጃ ይበቃል፤ ሱቅ ገብቶ ሰላምታ ሳይሰጡ ዋጋ መጠየቅ እዚያ እንደ ብልግና ይቆጠራል፣ ሰላምታውን በቋንቋቸው ካላችሁ ፊታቸው ይፈታል። ዕቅድ ስታወጡም ከፓሪስ ሙዚየሞች ሉቭር ማክሰኞ፣ ኦርሴ ሰኞ ዝግ መሆናቸውን አትርሱ። ምሳም ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው በብዙ ምግብ ቤት ወጥ ቤቱ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።