ዲቲ 830ቢ መልቲሜትር፦ ለዋትና ለኦም ስሌት ምን ያህል ይታመናል?

ዲቲ 830ቢ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው መልቲሜትር ነው። ቮልትና አምፔር ለክቶ ሬዚስታንስንና ዋትን ማስላት ለሚፈልግ ሰው፣ ሥራው ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ከረንት) ላይ እስከሆነ ድረስ ይበቃዋል።

በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ የመኪና አምፖል እንውሰድ። አምፖሉ በርቶ ሳለ ማዞሪያውን 20 ዲሲ ቮልት ላይ አድርገው ሁለቱን ጫፎቹን ሲነኩ 12.00 አነበበ እንበል። ከዚያ አምፖሉን ያጥፉ፤ ቀዩን ገመድ ወደ 10 አምፔር ቀዳዳ አዛውሩ፣ ማዞሪያውንም እዚያው ላይ አድርጉ፣ አንዱን ሽቦ ፈትታችሁ መለኪያውን በሲሪየስ፣ ማለትም ከረንቱ በውስጡ እንዲያልፍ በተፈታው ቦታ መሃል፣ አስገቡና መልሳችሁ አብሩት። 1.75 ካሳየ፣ 12 ሲካፈል ለ1.75 6.86 ኦም ነው፤ ሲባዛ 21 ዋት። ቮልቱ አምፖሉ ሳይበራ ከተለካ ባትሪው 12.6 ሊያሳይ ይችላል፤ ያኔ ስሌቱ 22 ዋት ይወጣና ያሳስታል።

ስክሪኑ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ቢያሳይም ሁሉም አይታመንም። በዲሲ ቮልት ስህተቱ 0.5 በመቶና 2 አሃዝ (በስክሪኑ የመጨረሻ አሃዝ ላይ 2) ያህል ነው፤ በ10 አምፔር ግን እንደ ሥሪቱ ከ2 እስከ 3 በመቶ፣ ከዚያ ላይ 2 አሃዝ። ሁለቱ በስሌቱ ውስጥ ስለሚደመሩ ያ 21 ዋት ከ20 እስከ 22 ያለ ነገር ነው። ለፊውዝና ለሽቦ ምርጫ በቂ ነው።

ያንኑ አምፖል አጥፍቶ ኦሙን በቀጥታ መለካት ትልቁ ወጥመድ ነው። በአምፖሉ ውስጥ ግሎ የሚያበራው ክር ሲቀዘቅዝ ከአንድ ኦም በታች ያሳያል፤ ሲግል ሬዚስታንሱ አሥር እጥፍ ገደማ ይጨምራል። በዚያ ላይ የመለኪያው ቀጫጭን ገመዶች ራሳቸው ጥቂት አሥረኛ ኦም አላቸው። ፕሮቦቹን (የገመዶቹን ጫፎች) አገናኝቶ የሚታየውን ቁጥር መቀነስ ይረዳል፤ ለጋለ ክር ግን ከቮልትና ከአምፔር ማስላት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

በ200 ሚሊ አምፔር ሬንጅ መለኪያው ራሱ 1 ኦም ያህል ስላለው ሙሉ ንባብ ላይ 0.2 ቮልት ይበላል። በ5 ቮልት ሰርኪት ይህ 4 በመቶ ነው። የተሻለው መንገድ ሽቦ አለመቁረጥ ነው፦ ሰርኪቱ ውስጥ ባለ 100 ኦም ሬዚስተር ላይ 1.5 ቮልት ካነበባችሁ ከረንቱ 15 ሚሊ አምፔር፣ የሬዚስተሩ ሙቀት 0.0225 ዋት ነው። ሩብ ዋት ሬዚስተር በምቾት ይችለዋል።

አሁን አደገኛው ነገር። የ10 አምፔሩ ቀዳዳ ፊውዝ የለውም። ቀዩ ገመድ እዚያ ተረስቶ ቮልት ልለካ ከተባለ መለኪያው በባትሪው ወይም በመስመሩ ላይ ሾርት ይሆናል፤ ገመዱ ይቀልጣል፣ በቤት መስመር ላይ ደግሞ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ አምፔር እንደተለካ ገመዱ ወዲያው ወደ ቮልት ቀዳዳ ይመለስ። ከፍተኛ ከረንትም ከ10 ሴኮንድ በላይ አታቆዩበት። የ9 ቮልት ባትሪው ሲደክም ንባቡ ከልኩ ከፍ ስለሚል የባትሪ ምልክቱ ሲወጣ መለወጥ ነው።

መለኪያው የኤሲ (እንደ ቤት መስመር አቅጣጫው የሚቀያየር ከረንት) አምፔር ሬንጅ ጭራሽ የለውም። በኤሲ ሞተር ላይ ደግሞ ቮልት ሲባዛ በአምፔር ቮልት አምፔር እንጂ ዋት አይሰጥም፤ ለዚያ ፓወር ፋክተርን (ከቮልት አምፔሩ ስንት እጁ ዋት እንደሆነ) የሚያነብ ዋትሜትር ያስፈልጋል።