ደሴ ፒያሳ ያለው የኮምፒውተር ጥገና ቤት፦ በትክክል ይፈትሻሉ

ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝቼ ራሴ የገጣጠምኩት አዲስ ኮምፒውተር በሁለተኛው ቀን ሰማያዊ ስክሪን እያመጣ ራሱን በራሱ ማስነሳት ጀመረ። የፕሮሰሰሩን ፍጥነት አልነካሁም። ባዮሱም (ዊንዶውስ ከመከፈቱ በፊት ዕቃዎቹን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ዲፎልት ላይ ነው፣ እንደመጣ ነው የተውኩት። ኮምቦልቻ ያሳየሁት ቤት ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል፣ ቀይረው» አለኝ። በጣም ነው ያናደደኝ፤ የተቃጠለ ፕሮሰሰር እንዴት ዊንዶውስ ይከፍታል?

ደሴ ወጣሁ። የፒያሳው ልጅ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ስትሠራ ነው የሚጠፋው?» ብሎ ነው። ከዚያ ባዮስ ገብቶ የኃይል ገደቡን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ቢበዛ ስንት ኃይል እንዲወስድ እንደተፈቀደለት አሳየኝ። ለካ የማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ዲፎልት ሁልጊዜ የፕሮሰሰሩ አምራች ያስቀመጠው ልክ አይደለም፣ አንዳንዱ ቦርድ ገደቡን ከፍ አድርጎ ነው የሚመጣው። እሱን አስተካከለ፣ ባዮሱን አፕዴት አደረገ፣ ችግሩ ግን አልጠፋም።

ቀጥሎ ሁለቱን ራሞች (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻዎች) አውጥቶ ተራ በተራ ሜምቴስት 86 በሚባል የራም መፈተሻ ፕሮግራም ፈተሻቸው። አንዱ ንጹህ ነው። ሌላኛው ደቂቃ ሳይሞላው ስህተት ይደረድር ጀመር። የሚሰካበትን ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ጠርጎ፣ መሰኪያ ቀዳዳ ቀይሮ እንደገና ሞከረው፣ ያው ነው። ጥፋቱ የራሙ ነበር ማለት ነው! ፕሮሰሰር ብገዛ ኖሮ ብሬ ገደል ይገባ ነበር።

ራሙን ቀይሬ ይኸው ሁለት ሳምንት፣ አንዴም አልጠፋም። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ወረፋም አለው፣ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ፍተሻውን ግን ፊት ለፊታችሁ ነው የሚሠሩት።